የመንገድ ብስክሌት እሽቅድምድም፤ የሰውነት ድካሙና አደጋው

ብስክሌት በአገራችን ከተሞች የታወቀ መሣሪያ ነው። በልጅነቱ በሰዓት ተከራይቶ ያልነዳ፣ ወይም ሲነዳ ወድቆ ጕልበቱ ያልተላጠ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ስለ ብስክሌት እሽቅድምድም ሲያስብ በሐሳቡ የሚመጣለት ያው የልጅነት ጨዋታ፣ ፍጥነት ብቻ ተጨምሮበት ነው። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ግን የመንገድ ብስክሌት እሽቅድምድም የሰው ልጅ ለእንጀራው ሲል ከሚሠራቸው ሥራዎች መካከል ሰውነትን እጅግ ከሚያደክሙትና ሕይወትንም ለአደጋ ከሚያጋልጡት አንዱ ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ጥያቄዎችን መመርመር ነው። አንደኛው፣ ይህ ሥራ ከሰው ሰውነት ምን ያህል ይጠይቃል? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በየጊዜው የሚደርሰው አደጋ ከጨዋታው ጠባይ የተነሣ ሊቀር የማይችል ነው ወይስ ሰዎች ከሚያደርጉት አዘገጃጀት የመጣ ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። አደጋው የጨዋታው ጠባይ ነው ከተባለ ተጠያቂ አይኖርም፤ የአዘገጃጀት ነው ከተባለ ግን ሊታረም የሚገባው ነገር፣ ሊያርመውም የሚገባው ሰው አለ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ የሥራው መጠን

ከመንገድ እሽቅድምድሞች ሁሉ ስሙ የገነነው የፈረንሳይ ዙር፣ ማለት ቱር ደ ፍራንስ ነው። ይህን ውድድር በ1903 ዓ.ም. ያቋቋመው ሎቶ የተባለ የስፖርት ጋዜጣ ሲሆን፣ ዓላማውም የጋዜጣውን ገዢዎች ለማብዛት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ውድድሩ በ6 ክፍል ተከፍሎ ርዝመቱ 2,428 ኪሎ ሜትር ነበር። ከተነሡት 60 ሰዎች መካከል እስከ መጨረሻው የደረሱት 21 ብቻ ነበሩ። አንባቢ ይህን መነሻ ልብ እንዲለው ያስፈልጋል፤ ውድድሩ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የሰው ድካም የሚሸጥ ዜና ነበርና።

ዛሬ ውድድሩ 21 ክፍሎች ሲኖሩት የሚፈጀው 23 ቀን ነው። ከእነዚህም የዕረፍት ቀኖች ሁለት ብቻ ናቸው። ጠቅላላው ርዝመት ከዓመት ዓመት ቢለያይም ወደ 3,400 ኪሎ ሜትር ያህላል። ተወዳዳሪው በየቀኑ ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኮርቻ ላይ ይቀመጣል፤ ማግስቱንም እንዲሁ፣ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። የማራቶን ሯጭ አንድ ቀን ሮጦ ለብዙ ሳምንታት ያርፋል፤ ብስክሌተኛው ግን የትናንቱ ድካም ሳይወጣለት የዛሬውን ይጨምርበታል። የዚህ ሥራ ልዩ ጠባይ እንግዲህ የአንድ ቀን ድካም ብዛት ብቻ ሳይሆን የድካሙ መደራረብ ነው።

2ኛ፤ ሰውነት እንደ ሞተር

የሥራውን መጠን በሒሳብ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘው ሞን ቫንቱ የተባለው ተራራ ከቤድዋን መንደር እስከ ጫፉ ወደ 21 ኪሎ ሜትር መንገድ ሲኖረው፣ ተወዳዳሪው በዚህ ርቀት ውስጥ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ሰውየው 65 ኪሎ፣ ብስክሌቱና ልብሱ 8 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። 73 ኪሎውን 1,600 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት የሚያስፈልገው ጕልበት ከ1.1 ሚሊዮን ጁል በላይ ነው። ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተፈጸመ ከምድር ስበት ጋር ለሚደረገው ትግል ብቻ ወደ 318 ዋት ማለት ነው፤ የነፋሱና የጐማው መቋቋም ገና አልተቈጠረም። የላቁት ብስክሌተኞች ግን ይህን ተራራ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይወጡታል። ልምምድ የሌለው ጤነኛ ጐልማሳ የዚህን ግማሽ ያህል ኀይል ለአንድ ሰዓት ያለማቋረጥ ማውጣት ያስቸግረዋል።

ይህ ኀይል የሚገኘው ጡንቻ ምግብን በኦክሲጅን ሲያቃጥል ነው። ተራ ወጣት ወንድ በከባድ ሥራ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በደቂቃ ከ40 እስከ 45 ሚሊ ሊትር ኦክሲጅን ሊጠቀም ይችላል። በከፍተኛ ደረጃ ያለው ብስክሌተኛ ግን ከ70 እስከ 85 ይደርሳል። ለዚህም ልቡ በልምምድ ሰፍቶና በርትቶ፣ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ40 ጊዜ በታች እስከ መምታት ይደርሳል፤ በሥራ ጊዜ ግን በደቂቃ ከ30 ሊትር በላይ ደም ይረጫል።

ስለ ምግቡም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ተራ ሰው በቀን ወደ 2,500 ኪሎ ካሎሪ ሲበቃው፣ የፈረንሳይ ዙር ተወዳዳሪ በአማካይ ወደ 6,000፣ በተራራ ቀን ደግሞ ከዚያ አብልጦ ያቃጥላል። በጡንቻና በጕበት የሚከማቸው ግላይኮጅን የሚሰጠው ጕልበት ወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ስለ ሆነ፣ ተወዳዳሪው ረሃብ ሳይሰማው በየሰዓቱ በኮርቻ ላይ ሆኖ መብላት ግዴታው ነው። ይህን የዘነጋ እንደ ሆነ ዓይኑ ይጨልማል፤ እግሩም ይከዳዋል። አንጀትም ልምምድ ካላደረገ በሰዓት ከ60 ግራም ብዙ የማይበልጥ ግሉኮስ ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ ዛሬ ብስክሌተኞች እግራቸውን እንደሚያለማምዱ ሁሉ ሆዳቸውንም መብላት ያለማምዱታል።

3ኛ፤ ሙቀትና ብርድ

የሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ምግብ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከአራት አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ፣ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ፔዳሉን በ300 ዋት የሚገፋ ሰው እንግዲህ ወደ 900 ዋት የሚሆን ሙቀት ከሰውነቱ ማስወጣት አለበት። ይህን ሁሉ በላብ ብቻ ያስወጣ ቢባል በሰዓት ወደ 1.3 ሊትር ላብ መትነን ይኖርበታል። በሜዳ ላይ የፍጥነቱ ነፋስ ያግዘዋል። በዳገት ላይ ግን ሥራው ከፍ፣ ፍጥነቱ ዝቅ ስለሚል፣ ነፋሱ በሚያስፈልገው ሰዓት ይጠፋል።

የ1965 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው እንግሊዛዊው ቶም ሲምፕሰን ሐምሌ 13 ቀን 1967 በዚያው በሞን ቫንቱ ጫፍ አጠገብ የሞተው በእንዲህ ያለ ሁኔታ ነበር። ዕድሜው 29 ነበር። ቀኑ እጅግ የሞቀ ነበር፤ በደሙም ውስጥ አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ መድኀኒት ተገኘ። የዚህ መድኀኒት አደጋ ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል። አምፌታሚን ለሰውነት አዲስ ጕልበት አይፈጥርለትም፤ «በቃኝ» የሚለውን ድምፁን ያፍነዋል እንጂ። ድካም ጠላት መስሎ ቢታይም እውነተኛ ጠባቂ ነው፤ ጠባቂው አፉን ሲታፈን ቤቱ ይዘረፋል። በኋለኛው ዘመን ኢፒኦ የተባለው ቅመም የቀይ ደም ሕዋሳትን በማብዛት ኦክሲጅን ቢጨምርም፣ ደምን አወፍሮ የመርጋት አደጋ ያመጣል። ላንስ አርምስትሮንግ በተከለከሉ መድኀኒቶች ምክንያት 7ቱን የፈረንሳይ ዙር ድሎቹን በ2012 መነጠቁ የታወቀ ነው።

ብርድም እንደ ሙቀት ይጎዳል። ሰኔ 5 ቀን 1988 በኢጣልያ ዙር ላይ ተወዳዳሪዎቹ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጋቪያን መተላለፊያ በበረዶ ውስጥ ተሻገሩ። ዳገቱን በላብ ተጠምቀው ከወጡ በኋላ ቍልቍለቱን በፍጥነት ሲወርዱ እርጥብ ልብሳቸው ላይ ነፋሱ እንደ ምላጭ ሆነባቸው። ጣቱ የደነዘዘ ሰው ፍሬን መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ ብርዱ ራሱ ሌላ አደጋ ወለደ። ከባድ የአየር ጠባይ ሲያጋጥም ውድድሩ እንዲቀየር ወይም እንዲቆም የሚያስችል መመሪያ የተደነገገው ግን ከዚያ ከ25 ዓመት በላይ ቈይቶ ነው።

4ኛ፤ ነፋስና መንጋ

ብስክሌተኞች ለምን ተጠጋግተው እንደሚነዱ ካልታወቀ ለምን ተያይዘው እንደሚወድቁ አይታወቅም። በሜዳ ላይ በእሽቅድምድም ፍጥነት ለሚሄድ ሰው ዋነኛው ተቃዋሚ አየር ነው። አየርን ለመቋቋም የሚያስፈልገው ኀይል በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ያድጋል፤ ይኸውም ከ40 ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለማደግ ፍጥነቱ በሩብ ሲጨምር ኀይሉ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ከሌላው ኋላ የተጠለለ ግን ብዙ ይድናል። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በ121 ብስክሌተኞች መንጋ መካከል ያለ ሰው የሚያገኘው የአየር መቋቋም ብቻውን ቢሆን ኖሮ ከሚያገኘው ከመቶ ከ5 እስከ 10 እጅ ብቻ እስኪሆን ሊወርድ እንደሚችል አሳይቷል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ያገራችን ብሂል በዚህ ቦታ በቍጥር የተመሰከረለት ነው።

የዚህ ጥቅም ዋጋ ግን ከባድ ነው። መንጋው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በእያንዳንዱ ሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ያልፋል። ሰው አደጋ አይቶ እጁን ለማንቀሳቀስ ቢያንስ የሴኮንድ ሩብ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚህም ጊዜ ውስጥ 3 ሜትር ተኩል ተጕዟል። በፊተኛው ጐማና በኋለኛው ጐማ መካከል ያለው ርቀት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ከፊቱ ያለው ሰው በድንገት ቢወድቅ የኋለኛው ከመውደቅ የሚያድነው ችሎታ የለም፤ ሒሳቡ አይፈቅድለትም። በዚህ ላይ ሁሉም ከነፋስ ለመጠለልና ለመጨረሻው ሩጫ ቦታ ለመያዝ ሲሉ በጠባብ መንገድ ላይ ይጋፋሉ።

5ኛ፤ ቍልቍለቱ

በቍልቍለት ላይ ፍጥነቱ 80 ወይም 90 ኪሎ ሜትር መድረሱ የተለመደ ነው። በ45 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግድግዳ የመታ ሰው ከ8 ሜትር ከፍታ እንደ ወደቀ ይቈጠራል። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ 90 ሲደርስ ከፍታው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ ማለት ወደ 32 ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከባለ አሥር ፎቅ ቤት ጣሪያ እንደ መውደቅ ነው። በእርግጥ በመንገድ ላይ ተንሸራቶ የሚወድቅ ሰው ጕልበቱን ቀስ በቀስ ስለሚጨርስ ቆዳው ተልጦ ሊተርፍ ይችላል። ሞት የሚመጣው በመንገዱ ዳር ድንጋይ፣ ግንብ ወይም ገደል ሲኖር ነው። መንገዱን የያዘው ጐማ አስፋልቱን የሚነካው በአውራ ጣት ስፋት ያህል ብቻ መሆኑንም መርሳት አይገባም።

የሟቾቹ ዝርዝር ይህንኑ ያስረዳል። ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ሴፔዳ በ1935 የጋሊብየን ተራራ ሲወርድ ወድቆ ሞተ። ኢጣልያዊው ፋብዮ ካዛርቴሊ ሐምሌ 18 ቀን 1995 በፒሬኔ ተራሮች ቍልቍለት ላይ ሞተ። ቤልጅጋዊው ቫውተር ቫይላንት ግንቦት 9 ቀን 2011 በኢጣልያ ዙር፣ ስዊሳዊው ጂኖ ሜደር ሰኔ 2023 በስዊስ ዙር የአልቡላን ተራራ ሲወርዱ ከደረሰባቸው አደጋ የተነሣ አለፉ። በመስከረም 2024 በዙሪክ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ የ18 ዓመቷ ሙሪየል ፉረር ከመንገድ ወጥታ በደን ውስጥ ወድቃ ለረጅም ጊዜ ማንም ሳያያት ቈየች፤ በማግስቱም ሞተች። በዚህ የመጨረሻው ሁኔታ አደጋው ፍጥነት ብቻ አልነበረም፤ መውደቋን የሚያሳውቅ መሣሪያ አለመኖሩም ነበር።

6ኛ፤ ሳይታይ የሚቀረው ጕዳት

ተመልካች የሚያየው የውድድሩን ቀን ብቻ ነው። ብስክሌተኛው ግን ከውድድር ይልቅ ብዙውን ቀን የሚያሳልፈው በልምምድ ሲሆን፣ ያም የሚደረገው መኪና በሚመላለስበት ክፍት መንገድ ነው። የኢጣልያ ዙር አሸናፊ የነበረው ሚኬሌ ስካርፖኒ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 በመኖሪያው አካባቢ ሲለማመድ በመኪና ተገጭቶ ሞተ። የፈረንሳይ ዙር የአራት ጊዜ አሸናፊ ክሪስ ፍሩም በሰኔ 2019 ከውድድር በፊት መንገድ ሲያጠና ከግንብ ጋር ተጋጭቶ የጭን አጥንቱ፣ ክርኑና የጐን አጥንቶቹ ተሰበሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው ደረጃው አልተመለሰም።

ብስክሌት የሰውን ክብደት ስለሚሸከምለት ሌላም ጕዳት አለ። አጥንት የሚጠነክረው ሲረግጥና ሲንገጫገጭ ነው፤ በኮርቻ ላይ ብዙ ሰዓት የሚቀመጥና ክብደቱን ለመቀነስ ምግቡን የሚቈጥብ ሰው ግን ልቡ የብረት ያህል ሲበረታ የወገብ አጥንቱ ሊሳሳ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ደግሞ በአንገትና በትከሻ መካከል ያለው አጥንት ነው፤ የሚወድቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ስለሚያርፍ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የአንጎል መናወጥ ነው። የተሰበረ አጥንት ይታያል፤ የተናወጠ አንጎል ግን አይታይም። በሌሎች ጨዋታዎች ሐኪሙ ተጫዋቹን ከሜዳ አውጥቶ ሊመረምረው ይችላል። በብስክሌት ግን ውድድሩ አይቆምም፤ ለመመርመር የቆመ ሰው መንጋውን ያጣል። ስለዚህ የወደቀው ሰው የመጀመሪያ ቃሉ «ብስክሌቴ የት አለ?» የሚል ነው። የዚህ ምክንያት ጀግንነት ብቻ አይደለም። ብዙው ብስክሌተኛ የሚቀጠረው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ስለ ሆነ፣ የታመመበት ወር የሚመጣውን ዓመት እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል። ዴንማርካዊው ዮናስ ቪንገጎር በሚያዝያ 2024 በባስክ አገር ወድቆ አጥንቶቹ ተሰብረው ሳንባው ተጐድቶ ሳለ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ በፈረንሳይ ዙር ተነሥቶ ሁለተኛ ወጣ። ይህ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን የእርሱን ያህል ሐኪምና ረዳት የሌለው ሌላው ሠራተኛ ይህን እንዲያደርግ ሲጠበቅበት ድንቁ ወደ ጭቈና ይለወጣል።

7ኛ፤ ሕግ የሚመጣው መቼ ነው?

በ1991 የብስክሌተኞች ዓለም አቀፍ ኅብረት የራስ ቍር ግዴታ እንዲሆን ሞክሮ ነበር። በፓሪስ–ኒስ ውድድር ላይ የተቃወሙት ግን ራሳቸው ብስክሌተኞቹ ነበሩ፤ ምክንያታቸውም ሙቀቱና ነፃነታቸው ነበር። ሕጉ ተነሣ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2003፣ የካዛክስታኑ አንድሬይ ኪቪልዬቭ በዚያው በፓሪስ–ኒስ ውድድር ያለ ራስ ቍር ወድቆ በማግስቱ ሞተ። በዚያው ዓመት በግንቦት የራስ ቍር ግዴታ ሆነ። በነሐሴ 2020 ደግሞ በፖላንድ ዙር፣ በቍልቍለት ላይ በተዘጋጀ የፍጻሜ መስመር፣ ሆላንዳዊው ፋብዮ ያኮብሰን በሌላ ተወዳዳሪ ተገፍቶ ከአጥሩ ጋር በመጋጨቱ ለሞት ደርሶ ተረፈ። የገፋው ሰው ለ9 ወር ታገደ። ነገር ግን ፍጻሜውን በቍልቍለት ላይ ያደረገውና ሲመቱት የሚበታተን አጥር የተከለው ተወዳዳሪ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስለ አጥሮች ጥራት፣ ስለ አንጎል መናወጥ ምርመራና በቍልቍለት ላይ ስለ አቀማመጥ ደንቦች ወጡ፤ በ2025 በኪጋሊ፣ በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ ተወዳዳሪዎች ያሉበትን ቦታ የሚያሳይ መሣሪያ ይዘው እንዲነዱ ተደረገ።

የነገሩ ሁሉ አካሄድ አንድ ነው፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደ ተባለው ሰው ከሞተ በኋላ ሕግ ይመጣል። ከዚህም ለሁለተኛው ጥያቄያችን መልስ እናገኛለን። ድካሙ፣ ሙቀቱ፣ የነፋሱ ሕግና የቍልቍለቱ ሒሳብ የጨዋታው ጠባይ ናቸው፤ ማንም አይሽራቸውም። ነገር ግን የፍጻሜው መስመር የት እንደሚሰመር፣ አጥሩ ምን ዐይነት እንደሚሆን፣ የወደቀ ሰው በስንት ደቂቃ እንደሚገኝ፣ የታመመም እንጀራውን ሳያጣ እንዲያርፍ መፈቀዱ የሰው ውሳኔዎች ናቸው። የብስክሌተኛው ፈቃድ ብቻም በቂ መለኪያ እንዳይደለ የ1991ዱ ታሪክ ያስተምረናል፤ ሰው ለእንጀራውና ለክብሩ ሲል የራሱን አደጋ አሳንሶ ያያልና።

ጕዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩባት፤ ገረመው ደንቦባም ከእነዚህ አንዱ ነበር። በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የኤርትራው ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ክፍሎችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። ከእነዚህ በኋላ ብዙ የደጋው ወጣቶች ይህን መንገድ እንደሚመኙ አያጠራጥርም። ምኞታቸውን ማቀዝቀዝ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን ወጣቱን ወደ መንገድ የሚያወጣው አሠልጣኝ፣ ውድድሩን የሚያዘጋጀው ማኅበር፣ ከጐኑ በከባድ መኪና የሚያልፈውም ሾፌር ከላይ ያየነውን ሒሳብ ቢያውቁት፣ በሌላ አገር ሕይወት ተከፍሎ የተገኘውን ትምህርት እኛ ደግመን በዚያው ዋጋ ከመግዛት እንድናለን።